የአያ አድማሱ ፉጨት

ወዳጄ፣ እኔ እንኳን በማላየው፣ በማየውም ነገር ቶሎ የማላምን ሰው ነኝ፣ ጋኔን ታየ ሲሉኝ «ሰላምታ ሰጣችሁት ወይ?» ብዬ የምስቅ፣ የቡሬ ቁንጫ በሬ ስትጎትት አየሁ ብዬ በገበያ መካከል የማልሁ ዋሾ መሆኔንም አገር ያውቀዋል፣ ይህችን ግን አንዲት ፍሬ ሳልጨምር ነው የምነግርህ።

ጣሊያን ሜዳውን ለአይሮፕላን ማረፊያ ሲወስደው የጎረቤቴ የአያ አድማሱ ማሳ አብሮ ሄደ፣ የቀረችላቸው ከሜዳው ጥግ ያለችው አውድማ ናት። ሜዳው ላይ ረጅም እንጨት ተክለው የጨርቅ እጅጌ ሰቀሉበት፣ ነፋስ ሲመጣ ተነፍቶ አቅጣጫውን ለነጂው ያሳያል፣ እኛ ግን «የሹሙ ሸሚዝ ተቀዶ ነው» እያልን እንስቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ጣሊያን ነፋስን በእጅጌ ያየዋል እንጂ አይጠራውም። አውድማ ላይ ነፋስ ሲጠፋ ማፏጨት የሁላችንም ልማድ ነው፣ የእኛ ፉጨት ግን ልመና ነው፣ የአያ አድማሱ ትእዛዝ። ረጅም ሆና መጨረሻዋ ላይ የምትሰበር ፉጨት ናት፣ ይኸነው የሚባለውን አንድ ልጃቸውን ቢያስተምሩትም ያቺን መስበር አልሆነለትም።

ይኸነውን ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ወስዶ አስሮት ነበር። በዚያ መኸር ተፈታ፣ በእግሩ ቅዳሜ ይደርሳል የሚል ወሬ መጣ። የአባቱ ጎታ ባዶ ነው፣ ያላቸው አውድማው ላይ ከእብቁ ጋር የተከመረው ጤፍ ብቻ፣ ነፋስ ደግሞ ሰንብቷል ከሞተ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ላግዛቸው ሄድሁና «ያብዛው!» አልሁ።

«አሜን። ልጄ ከእስር ወጥቶ የጎረቤት እንጀራ ላብላው? ዛሬስ ነፋሱን እጠራዋለሁ።»

«በቀስታ አያ፣ የእኔ ጎጆ ሣር ክዳን ናት!»

«ክዳንህ ቢሄድ አፍህን ከፍተህ ትጠለልበታለህ» አሉና አፏጩ።

መጀመሪያ ምንም፣ ከዚያ እብቁ ተነቃነቀ፣ እጅጌው ጭራውን አነሣ፣ ከዚያማ ነፋሱ ገመድ እንደ በጠሰ ወይፈን መጣ፣ ጤፉ ወደ መሬት፣ እብቁ ወደ ሰማይ፣ እርሳቸው እየሳቁ፣ እኔም እየሳቅሁ።

በዚህ መካከል አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ብቅ አለች። ነፋሱ አንዴ ይመታታል፣ አንዴ ይለቃታል፣ እንደ ሰከረ ጭልፊት ታዘነብላለች። መንኮራኩሯ መሬት እንደ ነካ ነፋሱ ከጎን ገብቶ አንዱን ክንፏን አነሣው፣ ሌላው አፈሩን አረሰው፣ ተገልብጣ በጀርባዋ ቀረች። አያ አድማሱ «እሰይ!» አሉ፣ የጠላት አይሮፕላን ወድቃ እሰይ የማይል ማን አለ?

ነጂው እየተሳበ ወጣ። ሁለተኛውን ግን ወታደሮች ተሸክመው አወጡት፣ ጋቢ ለብሷል። ጋቢ የለበሰ ጣሊያን አይተን ስለማናውቅ ሳቃችን ጠፋ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ እየሮጠ መጥቶ ነገረን፣ እግሩ በሰንሰለት ቆስሎ መራመድ ስላቃተው ይኸነውን ወደዚህ በምትመጣው አይሮፕላን ጭነው አምጥተውታል። የቡሬ ልጅ ከሰማይ ይመጣል ብሎ ማን ያስብ?

አያ አድማሱ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፉጨቱ ግን አልቆመም። እመነኝ፣ አጠገባቸው ነበርሁ፣ አፋቸው ታፍኗል፣ ያችው ፉጨት ግን ከሜዳው ላይ ትመጣለች፣ መጨረሻዋ ላይ ትሰበራለች።

«ይብቃህ በለው!» አሉኝ፣ ማንን እንደ ሆነ እኔ ምን አውቄ።

ይኸነው ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ። ያ ጤፍ ለተዝካሩ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ አያ አድማሱ አላፏጩም፣ ነፋስ እያለ እንኳ ጤፋቸውን በሰፌድ ያበጥራሉ። «ትንሽ ብታገሥ ዓርብም ይነፍስ ነበር» ይሉኛል፣ እኔም ሰፌዱን ተቀብዬ አበጥርላቸዋለሁ።

በተከታዩ መኸር፣ ጣሊያን ገና ሳይወጣ፣ አውድማቸው ዳር ተቀምጠን ፉጨቱ መጣ። ቀና ብል አንዲት ቅጠል አትነቃነቅም፣ እጅጌው ግን ተወጥሮ ቆሟል፣ ጫፉ ወደ እኛ።

«ሰማህ?» አሉ በዝግታ። «ልጄ መስበሩን ቻለበት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ «ልመልስለት ይሆን?»

ሰማዩን አየሁ፣ ምንም የለም። «ተዉ አያ» አልኋቸው፣ ተዉም። ከዓመታት በኋላ እርሳቸውም አረፉ። ፉጨቱ ዛሬም በመኸር ይመጣል፣ ተሰብሮ ዝም ይላል፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆይቶ፣ እንደገና።