ባሕር ላይ የወጣ ፈር

እኔ በሙት መንፈስም ሆነ በጥላ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ አንብቤ ያልጨረስሁት ወረቀት ላይ ፊርማዬን አኑሬ አላውቅም፣ ይህንንም የምነግርህ በዚያው ጥንቃቄ ነውና እመነኝ።

ልጃችን ሰብለ ዛንዚባር ደሴት በአንድ ሆቴል ተቀጥራ ስለነበር፣ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት እኔንና ባለቤቴን አትጠገብን ጋበዘችን። እውነቱን ልንገርህ፣ ደሴቲቱ በፎቶግራፍ እንደምትታየው ውብ ናት፣ አሸዋዋ የነጭ ጤፍ ዱቄት ይመስላል፣ ሰዎቿም ሽማግሌ አክባሪዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ሰውነት ላይ ተጣብቆ ይውላል፣ የታጠበ ሸሚዝ አይደርቅም፣ ዓሣውን ሳይቀር በኮኮናት ይሠሩታል። አትጠገብ ባሕሩን በጣቷ ቀምሳ፣ «ይኼ ሁሉ ውኃ ተኝቶ አንድ ጣሳ የሚጠጣ የለውም? ምን ዓይነት ንፉግ ነው!» ስትል ሰብለ በሳቅ ፍርስ አለች።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሰብለ ሥራ ላይ ሳለች፣ ወደ ዳርቻው ብንወርድ ባሕሩ የለም። አትሳቅብኝ፣ ሸሽቶ ርቋል፣ ወለሉ ራቁቱን ቀርቷል። በእኛ አገር በበጋ የጎደለ ወንዝ እስከ ክረምት አይመለስም፤ ስለዚህ እኔ ሙሉ ልብሴን እንደለበስሁ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እርሷም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዛጎል እየለቀምን ሩቅ ገባን። ቀና ስንል በእኛና በዳርቻው መካከል ውኃ ሞልቷል።

ሁለታችንም ዋና አናውቅም። በግራ ብሞክር እስከ ደረቴ ሰመጥሁ፣ በቀኝም እንዲሁ። ጮኽን፣ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ውኃው ጡቷ ላይ ሲደርስ አትጠገብ ክንዴን ጨብጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ አጭር ነኝ፣ ቀድሞ የሚውጠኝ እኔን ነው፣ ያን ጊዜ ልቀቀኝና ራስህን አድን» አለችኝ። «ዝም በይ» አልኋት።

በዚህ መካከል ጅራፍ ጮኸ። በአገሬ ሮብ ገበያ አጠገብ በልጅነቴ ከአራሾች የሰማሁት ያው ጩኸት ነው፣ ቀጥሎም በጥርት ባለ የጎጃም አማርኛ፣ «ና ቦራ! ፈርህን ያዝ!» የሚል በሬውን የሚነዳ የወንድ ድምፅ ከባዶው ውኃ ላይ መጣ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለችና እንደ ጎረቤት ተጣራች፦ «ወንድሜ፣ ማንም ሁን፣ እስከ ዳር ፈር አውጣልን፣ ወንፈል እንመልሳለን!»

ወንፈልን ካላወቅህ፣ ዛሬ አንተ በበሬህ ታርስልኛለህ፣ በተራህ ስትጠራኝ ደግሞ እኔ መጥቼ አርስልሃለሁ፤ በእኛ ዘንድ ተጠርቶ የሚቀር የለም።

 ድምፁም፣ «ስጠራህ ትመጣለህ?» አለ፤ የጠየቀው እርሷን ሳይሆን እኔን ነው።

«እመጣለሁ» አልሁ። ወዴት፣ ለምን ሥራ፣ አልጠየቅሁም።

ጅራፉ ደግሞ ጮኸ፣ ከፊታችን አሸዋው እየተገለበጠ ከፍ አለ፣ እንደ አዲስ እርሻ የለሰለሰውን በባዶ እግራችን እየዳበስን ተከተልን፤ የሚታይ ነገር የለም፣ የበሬ ትንፋሽ ግን ይሰማል። ዳር እንደወጣን፣ ማንኛውም አራሽ እንደሚያደርገው፣ ጥማዱን አዞረና ድምፁ ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

ሰብለ እየሮጠች ደረሰች። «አባዬ! ባሕሩ ይመለሳል ብዬ አልነገርኳችሁም?»

«ክረምት ሲገባ መስሎኝ» አልኋት።

እርሷ ግን እግራችንን ትመለከት ነበር። «ይኼ ጭቃ ከየት መጣ?» ነጭ አሸዋ ላይ ቆመን፣ እስከ ቁርጭምጭሚታችን የአገራችንን ቀይ አፈር ለብሰናል።

ይህ ካለፈ ዓመታት ሆኑት። በዚህ ሳምንት ግን ጎህ ሲቀድ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከአጥራችን ውጪ ጅራፍ ጮኸ፤ እዚያ አስፋልት እንጂ የሚታረስ መሬት የለም። ከዚያ ስሜ ከነአባቴ ተጠራ። ልነሣ ስል አትጠገብ ቀድማኝ በሩ ላይ ደረሰች። «ወንፈሉን የተናገርሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ተኛ!»

«ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ልቀቂው!»

መወርወሪያውን ሁለታችንም እንደያዝን፣ እርሷ እያለቀሰች፣ እኔ እጇን ላላቅቅ እየታገልሁ ቆየን፤ ጥሪውም ቆመ።

ፀሐይ ወጥታ በሩን ስንከፍት፣ በሲሚንቶ በተለሰነው ግቢያችን ላይ፣ ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ እስከ በራችን ደፍ ድረስ፣ የነጭ አሸዋ ፈር ወጥቷል። አትጠገብ መጥረጊያ አንሥታ ጠረገችው። እኔ ግን ሳትጠርገው በፊት ጎንበስ ብዬ በሚገባ መርምሬዋለሁ፤ አራሽ ዳር ሲደርስ ጥማዱን ያዞራል፣ ይህ ፈር ግን ደፉ ላይ ቆሟል እንጂ ወደ ኋላ አልዞረም።