ኳስ አቀባይዋ

«በሬ ካራጁ ይውላል» አለች እናቷ፣ የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጥሳ። ይህን ስትል ከስፌት ማሽኗ ቀና እንኳ አላለችም። በመስኮቱ በኩል አባቷና ሽቦ የሚሉት ወጣት የኳሱን ከረጢት በየተራ እየተቀባበሉ ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ይታዩ ነበር።

ድንቢጥ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። አባባሉን ከዚያ በፊትም ሰምታዋለች፤ የዚያን ዕለት ግን በሬውም አራጁም በዓይኗ ፊት እየተራመዱ ነበር። በሬው አባቷ ነው። አራጁ ደግሞ ያ እንደ ቅጽል ስሙ የቀጠነ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ፣ ክለቡ በዓመቱ አጋማሽ ያመጣው ወጣት ነው።

«እማ፣ ታዲያ ለእሱ ለምን አትነግሪውም?»

«ለአባትሽ? ለአባትሽ ከምነግረው ለዚህ ማሽን ብነግረው ይሻለኛል። ማሽኑ እንኳ ሲጨንቀው ይቆማል።»

አባቷ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የኖረው በቅርጫት ኳስ ነው፤ ፎቶግራፉ ግን በአንድም ክለብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። ክለቦች የሚጠሩት አንዱ ተጫዋቻቸው ሲጎዳ፣ ወይም የተቃራኒውን ቡድን አስቸጋሪ ሰው የሚይዝላቸው ሲያጡ ነው። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ያጫውቱትና አመስግነው ያሰናብቱታል። በዚህም የተነሣ የቡድን ጓደኞቹ «ሻንጣ» ይሉታል። እሱም አይቀየምም፤ «መንገድ የሚያስፈራው ሻንጣ የሌለውን ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበድ ብሏል። አሠልጣኙ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ በእነሱ የመጫወቻ ቦታ ለሚመጣው ዓመት የሚያስፈርመው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን፣ ማንነቱም በመጨረሻው የእርስ በርስ ግጥሚያ እንደሚለይ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። የሚኖሩበት ቤት የክለቡ ነው። አባቷ ካልፈረመ ለቅቀው ይወጣሉ፤ ድንቢጥም የስምንተኛ ክፍል ፈተና በር ላይ ሲደርስ ወደማታውቀው ትምህርት ቤት ትዛወራለች። ይህ አምስተኛ ትምህርት ቤቷ ነው። ጓደኛ ወንበር ይዛ የጠበቀቻት በዚህኛው ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሥራዋ ተመልሰው የሚመጡትን ኳሶች እየለቀመች ማቀበል ነበር። ከኳስ ኳስ እየዘለለች ስትለቅም ያዩ ተጫዋቾች ናቸው «ድንቢጥ» ያሏት። አባቷ ግን ሌላም ነገር አስተምሯታል። «ኳሱን ሁሉም ሰው ያያል» ይላታል፤ «አንቺ ሰውየውን እዪ። ኳሱ የሚሳተው ከእጅ ሳይወጣ ነው።»

በዚያን ቀን አባቷ፣ ተከላካይ ሲጠጋ በትከሻ ገፋ አድርጎ በአንድ እርምጃ እንዴት እንደሚቀደም ለሽቦ እያሳየው ነበር። ሽቦ ነገሩ ሲገባው ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይህን ካሳዩኝ በኋላ እኮ የምሠራበት በእርስዎ ላይ ነው።»

«ሥራበት» አለ አባቷ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «እኔም ቆሜ አልጠብቅህም።»

በማግስቱ አባቷ ጉልበቱን ለማሳየት ወደ ቡድኑ ወጌሻ ገባ። ሽቦና ድንቢጥ አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ሽቦ መጀመሪያ ላይ አከታትሎ አገባ፤ እየደከመው ሲሄድ ግን ኳሱ እያጠረ የቀለበቱን የፊት ጠርዝ እየመታ ይመለስ ጀመር። በመጨረሻ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ድንቢጥ፣ ጋሼ ዓይንሽ ስል ነው ይላሉ። ማለቂያው ላይ ምን እየሆንኩ ነው? ክርኔ ነው አይደል?»

ድንቢጥ ኳሱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። ክርኑ ምንም አልሆነም። ሲደክመው ጉልበቱን ማጠፍ ይተዋል፤ ከእግር መነሣት የነበረበትን ኳስ በክንድ ብቻ ይገፋዋል። ይህን ካየች ሰንብታለች። ግጥሚያው የቀረው ጥቂት ቀን መሆኑንም ታውቃለች።

«አዎ፣ ክርንህ ነው» አለች። «ወደ ውስጥ አስገባው።»

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን አሠልጣኝ ሳትሆኚ አትቀሪም» ብሎ ክርኑን ወደ ውስጥ አጥፎ ወረወረ። ሳተ። አመሰገናትና እንደገና ወረወረ።

ከዚያ በኋላ ሽቦ ከቀን ቀን ባሰበት። ድንቢጥ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። ሌሎቹ ታጥበው ሲሄዱ እሱ ብቻውን ይቀራል፤ ደረቅ ዳቦ እየገመጠ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንኳ ባዶ እጁን እያነሣ ክርኑን ያጣምማል።

አባቷ ይህን ለማየት ሁለት ውርወራ በቃው።

«ይህን ክርን ከየት አመጣኸው?»

«ድንቢጥ ናት ያየችልኝ፣ ጋሼ። እውነቷን ነው። እኔ ነኝ መልመድ ያቃተኝ።»

አባቷ ወደ እሷ ተመለከተ። «ኳሱን ሰብስቢ» አለ።

ወደ ቤት ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ። የተዘጉትን ሱቆች አልፈው ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርሱ አባቷ ጠየቀ።

«ጉልበቱን አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ከዚህ መሄድ አልፈልግም» አለች፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ከፍ አለባት። «አንተ ቁጭ ብለህ ታስተምረዋለህ፤ እሱ ቦታህን ይወስዳል። እማ እንኳ በሬ ካራጁ ይውላል ትላለች።»

«እኔንም ብላኛለች» አለና ፈገግ አለ። «አንድ ክለብ በገባሁ ቁጥር ትላለች።» ከረጢቱን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ፤ ፈገግታውም ጠፋ። «ስሚኝ፣ ልጄ። እሱ ክርኑን አጣምሞ ሲስት አሠልጣኙ የሚያየው የሳተ ልጅ ነው። እኔን አያየኝም። ለእኔ የሚቆጠርልኝ እኔ ያስቆምኩት ኳስ እንጂ እሱ የሳተው አይደለም። ደህናውን ሽቦ ይዤ ካላሳየሁ ምን አሳየሁ?»

«ይዘኸው ባታቆመውስ?»

«ላላቆመው እችላለሁ። ፈጣን ነው።» ስለ ሰማዩ ደመና የሚናገር ያህል ረጋ ብሎ ነበር ያለው። «እንደዚያ ከሆነ እንሄዳለን። አንቺም ትቀየሚኛለሽ፤ መብትሽ ነው።»

ድንቢጥ ትንሽ ተራመደችና «ነገ ትነግረዋለህ?» አለች።

«እኔ ምን አገባኝ? ክርንህ ነው ያልኩት እኔ ነኝ?»

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጓደኛዋ ወንበሩን ይዛ ጠበቀቻት፤ ከፈተናው በኋላ ሁለቱም አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመዘገቡ ዘንድ ከቤተሰቦቿ ጋር እንደተነጋገረች በደስታ አወራችላት። ድንቢጥ «እሺ» አለች። አስተማሪው ሁለት ጊዜ ስሟን ቢጠራም አልሰማችውም።

ግጥሚያው በሚደረግበት ቀን ዋዜማ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት አልሄደችም። በአዳራሹ የጎን በር ገባች። ሽቦ ከቀለበቱ ሥር ብቻውን ነበር።

«ክርንህ አይደለም» አለችው፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ። «ጉልበትህ ነው። ሲደክምህ ማጠፍ ትተዋለህ።»

ሽቦ ኳሱን አንጥሮ ያዘው። «ያኔ አላየሽውም ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

ስለ ቤቱ፣ ስለ ፈተናውና ስለ ጓደኛዋ የምትናገረውን በመንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር። አፏ ላይ ሲደርስ ግን ይቅርታ ሳይሆን ልመና መሰላት፤ መልሳ ዋጠችው።

ሽቦ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ሦስት ሌሊት እኮ አልተኛሁም። መስታወት ፊት ቆሜ ክርኔን ሳይ አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ያበድኩ መስሎታል።» ሊስቅ ሞከረና ሳይሆንለት ቀረ። «ግጥሚያው ነገ ነው። አሁንስ ምን ብዬ ልመንሽ?»

«አትመነኝ» አለች ድንቢጥ። «ወርውርና እየው። መጀመሪያ ግን ሩጥ፤ ካልደከመህ አይታወቅም።»

ሽቦ ተነሥቶ ከአንዱ ቀለበት እስከ ሌላው ይመላለስ ጀመር፤ ጫማው በወለሉ ላይ እየጮኸ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ድረስ። እያለከለከ መጥቶ ከመስመሩ ኋላ ቆመ። ድንቢጥ ቦርሳዋን ከግድግዳው ሥር አስቀመጠች፣ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች፣ ኳሱን ደረቱ ላይ አቀበለችው።

«ጉልበት» አለች።

አጠፈ። ኳሱ ጠርዙን ሳይነካ መረቡን አልፎ ወረደ። ድንቢጥ ኳሱን ለቅማ መልሳ አቀበለችው፤ «ጉልበት» አለች እንደገና።

በማግስቱ አባቷ በመጀመሪያው አጋማሽ ሽቦን አንድም ነጥብ አላስቆጠረውም፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን አባቷ ደከመውና ሽቦ ጉልበቱን እያጠፈ አከታትሎ አገባ። ክለቡ ሽቦን አስፈረመ። አባቷ በሌላ ከተማ ካለ ክለብ ጋር የአንድ ዓመት ውል ተፈራረመ፤ ድንቢጥም ፈተናዋን በስድስተኛ ትምህርት ቤቷ ተፈተነች።