ለፊንታን የተከፈተው መስኮት

የወደቡ ዘበኛ ፊንታን ዱጋን በሚጠብቀው መጋዘን ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። በማግስቱ ዳኛ ፊት ቀርቦ የምሥራቅ ወንዝ ዘራፊዎችን አለቃ በስሙ ሊጠራ ነበር። በኒውዮርክ ወደብ እንዲህ ያለ ቀጠሮ የያዘ ሰው ዕድሜ አይጠግብም፤ ይህን ፊንታንም ያውቅ ነበር።

መርማሪ ሃሊጋን በሩን አየው። አልተሰበረም፤ ከውስጥ የከፈተው ሟቹ ራሱ ነው። በዚያ ሁሉ ብርድ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መቀርቀሪያው ላይ በደም የተነከረ ጣት አሻራ አለ። የብረት ፍርግርጉ ግን ድመት እንኳ አያሳልፍም።

«ታዲያ ገዳዩ ለምን ከፈተው?» አለ ለራሱ።

ሬሳው እናቱ ቤት ገባ። ለለቅሶው የዘራፊዎቹ አለቃ ሄንድሪክ ሳይቀር መጣና ከሟቹ እናት ከእማማ ብሪጂድ አጠገብ ተቀመጠ። ዓይን አውጣነቱ ያናድዳል፤ ግን ውጣ የሚለው ወንድ አልነበረም።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?» አለው ሃሊጋን።

«ፕሬስኮት መጠጥ ቤት። ይኸው፣ ራሱን ጠይቀው።»

ባለ መጠጥ ቤቱ ፕሬስኮት የለቅሶው ቤት ክፍት መስኮት ሥር ቆሞ ብርጭቆውን ይጨልጣል። «እኔው ነኝ የቀዳሁለት፣ ጌታዬ። ከፊንታን ጋር ተጣልተን እንደነበር አልክድም፤ ግን ከቤቴ አልወጣሁም።»

«አንተ! ዘወር በል ከዚያ!» ብለው ጮኹ እማማ ብሪጂድ። «የልጄን መንገድ ዘጋህበት እኮ!»

«የምን መንገድ?» አለ ፕሬስኮት።

«የነፍሱን ነዋ! መስኮቱን የከፈትኩት ለማን መሰለህ?»

ፕሬስኮትና ሄንድሪክ ግራ ተጋብተው ተያዩ። በሄንድሪክ ጀልባ ላይ ቀዛፊ የሆነው የሟቹ ታናሽ ወንድም ኮርማክ ግን አንገቱን ደፋ። ሃሊጋን ያን ጊዜ ገባው፤ ባይገባው በወደደ።

«ፊንታን በሩን የከፈተው ለሚያምነው ሰው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ገዳዩ በደም እጁ መስኮቱን ሲከፍት ሊያመልጥ አልነበረም፤ ፍርግርግ አለበት። የከፈተው ለሟቹ ነፍስ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ልማዱን ገና አሁን መስማታቸው ነው። ኮርማክ…»

«እንዴት ዘግቼበት እሄዳለሁ?» አለ ኮርማክ እያለቀሰ። «ወንድሜ እኮ ነው!»

«ማን አዘዘህ? አንድ ስም ብቻ ጥራልኝ፤ ከመሰቀል አድንሃለሁ።»

ኮርማክ ቀና ብሎ ወደ እናቱ አየ። ሄንድሪክ እጁን እናትየው ትከሻ ላይ አድርጎ፣ እንደ አጽናኝ ቀስ እያለ ይደባብሳቸዋል።

«ማንም አላዘዘኝም።»

ሃሊጋን ካቴናውን አወጣ። ሄንድሪክ ባርኔጣውን አነሣ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ» ብሎ ወጣ።

እማማ ብሪጂድ የመርማሪውን እጅጌ ያዙ። «ልጄ፣ ያ ሰው የምትሰቅሉበት ቤት መስኮት አለው?» አሉት።