የፍል ውሃው ሁለተኛ ፎጣ

አባቷ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ሊና በላይነህ ጆሃንስበርግ ውስጥ ጀፕ መንገድ ላይ ወዳለው የዱካሞ ብርድ ልብስ መሸጫ መጣች። ከቦርሳዋ አንድ የብር መስቀል አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። መስቀሉ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ዱካሞ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት በወንጀል መርማሪነት ያገለገለ ሰው ነው። ጆበርግ ከገባ ወዲህ ብርድ ልብስ ቢሸጥም፣ ሐበሻው ነገር ሲጠምምበት መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ነበር።

«ጋሽ ዱካሞ፣ አባዬ ውሃ ውስጥ ሲገኝ አንገቱ ላይ የነበረ ነው» አለች። «ጠዋት ነጭ ነበር። ፖሊሶቹ ልቡ ነው፣ ሃርት አታክ ነው ብለው ፋይሉን ዘጉት። መርዝ ብርን ያጠቁራል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እነማን ነበራችሁ?»

«አራታችን ብቻ። አባዬ፣ እኔ፣ ዮአብና ራሄል። ፍል ውሃው ለጉልበቱ ይሻለዋል ብዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ዮአብ የሟቹ የጋሽ በላይነህ የቅርብ ወዳጅ ነው። ሚስቱ ራሄል ቀድሞ የጋሽ በላይነህ ታናሽ ወንድም የሐዲስ ሚስት ነበረች። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሐዲስ ከዮአብ ጋር በእግርና በጭነት መኪና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ ሞዛምቢክ ጫካ ውስጥ በወባ ሞቶ፣ ዮአብ በገዛ እጁ እንደቀበረው ለቤተሰቡ ተናግሯል።

በማግስቱ ሊና ዱካሞን በመኪናዋ ይዛው ወጣች። ከጆበርግ በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ቀያይ ኮረብቶች ሥር፣ መቶ ዓመት ያለፈው የድንጋይ የፍል ውሃ ቤት ይገኛል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ይገባሉ። በወንዶቹ ወገን ያለው፣ ጋሽ በላይነህ የሞቱበት ጠባብ ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል፤ ውሃው ድኝ ድኝ ይሸታል።

«የብር ጉትቻሽን እስቲ አውሺኝ» አላት። ውሃው ውስጥ ነክሮ ጥቂት ጠበቀ። ሲያወጣው ጠቁሯል። «መርዝ አይደለም፣ ልጄ። ድኙ ነው።»

ሊና እፎይ አለች። ዱካሞ ግን ወደ ውሃው የሚያወርዱትን ደረጃዎች ይቆጥር ነበር። ሰባት ናቸው፤ መደገፊያ የላቸውም።

«አባትሽ ይህን ብቻቸውን ይወርዱታል?»

«የቤታችንን ደረጃ እንኳ ያለ ሰው እጅ አይወርድም ነበር።»

ኮሪደሩን ሲወለውሉ የነበሩትን አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ዱካሞ ከደንበኞቹ በለመደው የዙሉ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥቶ ጠየቃቸው። ሴትየዋ ያን ቀን አልረሱትም። ከክፍሉ ሁለት እርጥብ ፎጣ ነበር የሰበሰቡት። ፖሊስ ግን አልጠየቃቸውም።

ጆበርግ፣ ቤተሰቡ ወደሚኖርበት ሜይፌር ሰፈር እንደተመለሱ ዱካሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ ከዮአብ ጎን ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«ደጅ ሥጋ እየጠበስኩ» አለ ዮአብ። ለቀናት አልተላጨም፤ ዓይኖቹም ጎድጉደዋል። «ውሃው ቤት እግሬን አላስገባሁም። ብቻውን መተዌ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ጣቱ ላይ ያለው የብር ቀለበት ያበራል። ዱካሞ አየት አድርጎት ተነሣ።

ራሄልን ጓዳ አገኛት። «እኔ ሴቶች ዘንድ ነበርኩ» አለች። «ምሳ አብዝቼ አብልቼው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«የዮአብ ቀለበት አዲስ ነው?»

«የለም፣ የቆየ ነው። ከዚያ እንደተመለስን ጠቁሮ አይቼ ምን ነካው ስለው የከሰል ጥላሸት ነው አለኝ። በጥርስ ሳሙና ሲፈትገው ቆየ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ዱካሞ ሦስቱን ሳሎን ሰብስቦ በሩን ዘጋ።

«መርዝ አልነበረም። ፖሊስም አልተሳሳተም፤ ጋሽ በላይነህን የጣላቸው ልባቸው ነው» ብሎ ጀመረ። «የእኔ ጥያቄ ብቻቸውን ነበሩ ወይ የሚል ነው። ያን ደረጃ ብቻቸውን መውረድ አይችሉም፤ ስለዚህ ደግፎ ያወረዳቸው ሰው አለ። ሁለት ፎጣ ረጥቧል፤ ስለዚህ ያ ሰው አብሯቸው ውሃ ገብቷል። ክፍሉ የወንዶች ነው።»

«ሌላ እንግዳ ሊሆን ይችላል» አለ ዮአብ ቀስ ብሎ።

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ነገር ግን የከሰል ጥላሸት በተራ ሳሙና ይለቃል። በድኝ የጠቆረ ብር ካልተፈተገ አይነጣም። ዮአብ፣ ከደጅ ካልተነሳህ ቀለበትህ የት ጠቆረ?»

ራሄል ወደ ባሏ ዞረች። የተናገረችው ነገር የት እንዳደረሰ የገባት አሁን ነው።

ዮአብ እጆቹን ጭኖቹ መካከል ቀበረ።

«ጋሼ የጉዞ ወረቀቱ ወጥቶለት ነበር» አለ። «በሚቀጥለው ወር አብረን ሞዛምቢክ እንሂድ፣ የሐዲስን መቃብር አሳየኝ፣ አጽሙን አገሩ ላስገባው አለኝ። መቃብር ግን የለም። አልቀበርኩትም። ትኩሳቱ ጠንቶበት መራመድ ሲያቅተው፣ አሻጋሪዎቹም መኪናው ሊነሳ ነው ሲሉ፣ ዛፍ ሥር ትቼው ሮጥኩ። በሕይወት ነበር። ይህንኑ ውሃው ውስጥ ሆነን ለጋሼ ነገርኩት። ደረቱን ያዘና እጁን ዘረጋልኝ። ልይዘው ነበር። ለራሄል ይነግራታል ብዬ ሳስብ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። ስመለስ ውሃው ሸፍኖታል።»

ሊና ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

«ሐዲስ ስትሄድ ያይህ ነበር?» አለች ራሄል።

«ስሜን ይጠራ ነበር።»

ራሄል ከጎኑ ተነሥታ ሊና የተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ዳግመኛ ወደ እሱ ዞራ አላየችም።

ዮአብ ማንም ሳያዘው ቆመ። ዱካሞ ኮቱን ደርቦ አብሮት ወጣ፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያው በእግራቸው አቀኑ።

«እጅ አለመዘርጋት መግደል ነው?» አለው ዮአብ መንገድ ላይ።

«እሱን ዳኛው ይወስን» አለ ዱካሞ። «አንተ የሆነውን ሳትቀንስ ተናገር።»

ከኋላቸው ከቤቱ ጩኸት ተሰማ። ጎረቤቶች ለጋሽ በላይነህ የሚለቀስ መስሏቸው ነጠላቸውን እያጣፉ ሮጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ራሄል ደረቷን እየደቃች የምትጠራው የሐዲስን ስም ነበር።