የጨርቁ ጀርባ

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠ በሦስተኛው ዓመት፣ አገሬውን በታንክና በአውሮፕላን ሊያስፈራራ ሲኒማ አመጣ። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ታንክ የለም። በስሕተት የተላከው ፖላንድ ከሚባል አገር የመጣ፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ የአንዲት ሴት ታሪክ ነበር። የጣልያኑ ሹም አፈረ። ሕዝቡ ግን ተሰብስቧል፤ ይታይ ተባለ።

ሽማግሌዎቹ «ወንድና ሴት ባንድ ጨለማ ተደባልቆ አይቀመጥም» ብለው ስለ ተቆጡ፣ ነጩ ጨርቅ በሁለት ዛፎች መካከል ተወጥሮ ወንዶቹ ከፊቱ፣ ሴቶቹ ከጀርባው ተቀመጡ። ሥዕሉ በስሱ ጨርቅ አልፎ ለሁሉም ይታይ ነበር። የባላምባራስ ክንፈሚካኤል ልጅ አልጣሽም ከአክስቷ ከወይዘሮ ካሰች ጎን፣ ከጀርባ ሆነች።

ፊልሙ አይሄድም። ሴትዮዋ በመስኮት ታያለች። ዝናብ ይዘንባል። ደግሞ ታያለች።

«አሁን ምን እያደረገች ነው?» አለ ከወዲያ አንድ ገበሬ።

«እያሰበች ነው» አለ ከአስመራ የመጣው አስተርጓሚ።

ጥቂት ቆይቶ፣ «አሁንስ?»

«አሁንም እያሰበች ነው። ምን ላድርግህ፣ እኔ አልወለድኳት!»

የሴቶቹ ወገን የታወከው ሴትዮዋ ከቤት ልትወጣ ስታማትብ ነው።

«ኧረ በግራ እጇ! በስመ አብ!» ወይዘሮ ካሰች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «ይችስ የሰይጣን ወገን ናት።» ባንድ ዓይናቸው ግን ማየቱን አልተዉም።

በመጨረሻ ሴትዮዋ መንታ መንገድ ላይ ደረሰች። ቆመች። ሰዉ እያዛጋ እስኪበተን ድረስ ቆመች። ከዚያ አንደኛውን መንገድ ይዛ ተራመደች። የምትወደው ሰው እዚያ ይኑር አይኑር ሳይታይ ብርሃኑ ጠፋ።

አልጣሽ ጨርቁ ከዛፎቹ እስኪወርድ ድረስ አልተነሣችም።

በማግስቱ እንዳለው የሚባለው የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጃቸው «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ከክረምት ወዲህ ያን ድምፅ ስትሰማ ቁራሹን ለማንም ሳትተው ይዛ የምትወጣው አልጣሽ ነበረች። አባቷ ደግሞ ለምሽጉ እህል ለሚያቀርበው ሹም ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ሠርጉ እሑድ ነው።

«ፊልሙን አየሽው?» አለ።

«አየሁት። ወንዶቹ ተኙ አሉ።»

«የተኛውስ መታገሥ አቅቶት ነው። ዝምታዋ እንደ ጾም ነው፤ የሚጣፍጥሽ ከጸናሽ በኋላ ነው።»

«መጨረሻዋን ለምን ደበቁን ታዲያ? ደረሰች፣ አልደረሰች?»

«መድረሷን ቢያሳዩን ረስተናት እናድር ነበር። ይኸው ዛሬም አብራን አለች።»

ጥጥ የሚፈትሉት ወይዘሮ ካሰች ቀና አሉ። «ስለዚያች ሰይጣን ነው ወሬው? ስጭውና ይሂድ!»

እንዳለው ቁራሹን ተቀበለ፤ አልሄደም። «ሴትዮዋ በያዘችው መንገድ» አለ ቃሉን እየመጠነ፣ «ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ ከኛ ዋርካ ወዲያ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሰው የሚጠብቃት ይመስለኛል።»

አልጣሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«እንግዲያስ ትሄዳለች» አለች።

ከዋርካው በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ዓባይ በረሃ፣ ቀኙ ወደ አገው ምድር። ቅዳሜ በማለዳ አልጣሽ ሴትዮዋ እንዳደረገችው ወደ ግራ ታጠፈች። ቆቅ ጮኸች፤ ጤዛው ረገፈ። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ስትበረታ ተመልሳ «ውኃ ልቀዳ ሄጄ ነው» አለች፤ እንስራ አልያዘችም። አክስቷ ባዶ እጇን አይተው ወደ ጥጣቸው ተመለሱ።

እሑድ ተዳረች። እንዳለው በዚያው ቅዳሜ ተነሥቶ ወደ አርበኞቹ መሄዱን በሠርጉ መካከል ሰማች። «ተማሪ አንደበቱ እንጂ እግሩ አይታመንም» ብላ ልቧን ቆለፈች። ማንንም አልጠየቀችም።

ጠላት ወጣ፣ ልጆች አደጉ፣ ባሏን ቀበረች። ለወይዘሮ ካሰች ተዝካር ከተጠሩት ሊቃውንት መካከል አንድ ሽበታም መሪጌታ ነበር። አልጣሽ ጠላ ልትቀዳለት ጎንበስ ስትል አወቀችው።

«መሪጌታ፣ ያን ቅዳሜ ምን አስቀርዎት?»

እንዳለው ዋንጫውን አስቀመጠ። «እኔን? እኔማ ፀሐይ አናቴ ላይ እስክትቆም ጠብቄያለሁ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«ውሸት ለመሪጌታ አያምርም። በበረሃው መንገድ ወፍ እንኳ አልነበረም።»

«በበረሃው ለምን? ሴትዮዋ የሄደችው ወደ ቀኝ ነው።»

«ወደ ግራ ነው እንጂ! በግራ እጇ አማትባ፣ ወደ ግራ!»

«በቀኟ ነው ያማተበችው፣ አልጣሽ።»

እንዳለው ያች ሴት መንታው ላይ የቆመችውን ያህል ጊዜ መዳፉን እያገላበጠ አየ።

«እናንተ ከጀርባ ነበራችሁ» አለ በመጨረሻ። «ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ነው የታያችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የቃል ውስጠኛውን ትርጉም ስፈልግ፣ የአንድ ጨርቅ ጀርባ ሳልጠይቅ!»

«እኔስ? ሸማ ገልብጬ ሳላይ የማልገዛ ሴት!» ልትስቅ ጀምራ ተወችው። እርስዎ ማለቱም ከአፏ ጠፋ። «አንተ... መድረሷን ቢያሳዩን ይሻል ነበር።»



ማምሻውን ሊሄድ ሲነሣ ደጃፉ ላይ ፊቱን ወደ እርሷ መልሶ አማተበ። ከእርሷ በኩል እጁ በግራ ታያት። አልጣሽ ጠላውን አስቀመጠች፤ ዞራ ሄዳ ከጎኑ ቆመች፤ ፊታቸውን ወደ ደጅ መልሰው አንድ መንገድ አብረው አዩ።

ከዚያ ሄደ። በየት በኩል እንደ ታጠፈ ግን ይህን ጊዜ አጥርታ አየች።