ከበሩ ጀርባ የነበረው ጥቅል

«ከበሩ ጀርባ፣ ምስማር ላይ የሰቀልኩት ጥቅል ነበረኝ» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ባዶውን ግድግዳ በእጃቸው እየዳሰሱ። «በላስቲክ የተጠቀለለ ነው። ያየ አለ ከእናንተ?»

ቱርቦ በጥርስ ብሩሽ የስፌት መኪናውን ጭቃ ስትፈለፍል ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ። ጥቅሉን አይታዋለች። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ትናንት ከሰዓት በገዛ እጇ ከምስማሩ አውርዳ፣ ጋሪ ላይ ወርውራ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ካለው የቆሻሻ ክምር ጋር ደባልቃዋለች።

አፏን ሳትከፍት ጓደኛዋ ሚጢጢ ቀደመቻት።

«ውሃው ወስዶት ይሆናል፣ እትዬ። እኛ ስንገባ ምንም አልነበረም።»

ልብስ ሰፊዋ «እንግዲህ ውሃ ከወሰደው ከማን እጣላለሁ» አሉና ምስማሩን እያዩ ቀሩ።

ጎርፉ ከተማዋን ከመታ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሃያ የሚሆኑ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች አካፋና ጓንት ይዘው በአውቶቡስ የመጡት ከቤቶቹ ጭቃ ለማውጣት ነው፤ የተያዘላቸው ሦስት ቀን ሲሆን ዛሬ የመጨረሻው ነው። አስተባባሪያቸው ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን፣ ከጸሎት በኋላ፣ አንዲት ሕግ ብቻ ነበር የሰጧቸው።

«ለእናንተ ሁሉም ጭቃ ነው የሚመስላችሁ። ለባለቤቱ ምን እንደሆነ አታውቁም። ባለቤቱ ሳያየው ከቤት የሚወጣ ነገር የለም።»

ቱርቦ ያኔ ከሁሉም ቀድማ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ነበር። ቱርቦ የተባለችውም እኮ በዚሁ መቅደሟ ነው፤ መዝሙር ሲዘመር እንኳ ከሌላው አንድ መስመር ቀድማ ትጨርሳለች። ትናንት ታዲያ ልብስ ሰፊዋ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ ሄደው ሳለ፣ ጎረቤት ቤት የሚሠሩት ልጆች በአጥሩ በኩል «ቱርቦ፣ ናፍጣ አለቀብሽ እንዴ?» ብለው ሳቁባት። እልህ ያዛት። ከዚያ በኋላ እጇ የነካውን ሁሉ ጋሪ ላይ ስትጭን ምን እንደሆነ አላየችም። ቤቱን ከእነሱ በፊት ጨረሰች፤ ሲጨበጨብላትም ደስ ብሏት ነበር።

አሁን ሚጢጢን በክንዷ ይዛ ወደ ጓሮ አወጣቻት።

«ምን ሆነሽ ነው የዋሸሽው?»

«አንቺን ላድን ነዋ! ምስጋና እንኳ የለሽም።» ሚጢጢ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባክሽ አታካብጂ። የበሰበሰ ወረቀት ነው፤ ጎርፉ ስንት ነገር ወስዶባቸዋል፣ አንድ ቢጨመር ማን ያውቃል? ከአንድ ሰዓት በኋላ እንሄዳለን።»

ቱርቦን እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ ብሏታል፤ ደስ ማለቱ ነው ያስጠላት።

ተመልሳ ስትገባ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናውን መዘውር በጣታቸው ይሞክሩ ነበር። መዘውሩ ትንሽ አንገራግሮ ዞረ።

«ተመልከች፣ ዞረ! እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ።»

«እትዬ... ጥቅሉ ውስጥ ምን ነበር?»

«የልብስ ልክ ነው። በካርቶን እየቆረጥኩ ያስቀመጥኩት፣ የተማሪ ዩኒፎርም ከአንደኛ ክፍል እስከ አስራ ሁለተኛ። የአንገቱን ልክ የቆረጠችው እናቴ ናት፤ እኔ ስቆርጠው አንድም ቀን እንደሷ አምሮልኝ አያውቅም።» ፈገግ አሉ። «ትምህርት ሳይከፈት ሰፍቼ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። በላስቲክ የጠቀለልኩት እኮ ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው። ለጠብታ ስጠነቀቅ ወንዙ መጣልኝ!»

ራሳቸው ሳቁ። ቱርቦ ለመሳቅ ሞክራ አቃታት። ላስቲኩ ትናንት አልተቀደደም ነበር። ከባድ፣ ጠንካራ እንደነበር እጇ አሁንም ያስታውሳል።

ጋሼ የስንብት ጸሎት አለ ብለው ጠሯቸው። ሁሉም አውቶቡሱ አጠገብ፣ መንገዱ ላይ ክብ ሠርተው ቆሙ። ከላይኛው መንደር ቆሻሻ የሚጭነው የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ዛሬ እስከ ቀትር የዚህንም መንገድ ክምር ጭኖ ይሄዳል ተብሏል።

ጋሼ «ከባለቤቶቹ የሚናገር ካለ» ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ወደ መሃል ገቡ።

«እኔ ንግግር አላውቅም። ግን ይቺን ልጅ እዩልኝ» አሉ ቱርቦን እያሳዩ። «በጥርስ ብሩሽ፣ ቁጭ ብላ፣ አንድ በአንድ ነው መኪናዬን ያጸዳችልኝ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ልጅ አላየሁም። እግዚአብሔር ይባርካት።»

«አሜን!» አለ ሁሉም። ቱርቦ ብቻ አሜን ማለት አልቻለችም። ሚጢጢ ከጎኗ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። የጭነት መኪናው ድምፅ እየቀረበ መጣ።

ጸሎቱ አልቆ ልጆቹ ወደ አውቶቡሱ ሲጋፉ፣ ቱርቦ ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ውሃው አይደለም የወሰደው። እኔ ነኝ። ሳላሳይዎት ጣልኩት።» ወደ መንገዱ ጫፍ አመለከተች። «ክምሩ ውስጥ ነው። መኪናው ገና አልደረሰም።»

ልብስ ሰፊዋ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ቱርቦም ሲሄድ አየችው። ሴትየዋ አልተቆጡም። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ወገባቸው ላይ ሸጎጡ።

«በየት በኩል ነው የደፋሽው?»

ጋሼ ሁሉንም ሰምተዋል። የጭነት መኪናውን ለማስቆም በእጃቸው እያመለከቱ ወደ ላይ ሄዱ። የአውቶቡሱ ሾፌር «ጋሼ፣ ረፈደ እኮ!» ሲል «ይርፈድ» ሲሉ ተሰማ።

ቱርቦ ያወለቀችውን ጓንት መልሳ አጠለቀች። ክምሩ ከቁመቷ ይበልጣል። አካፋ አልያዘችም፤ አካፋ ላስቲክ ይቀድዳል። ተንበርክካ ከዳር ጀመረች፤ አንድ ነገር ታወጣለች፣ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች፣ ቀና ብላ ታሳያለች።

«ይሄስ፣ እትዬ?»

«አይደለም።»

ወደ ጎን አስቀመጠችውና ሌላ አነሳች። ከኋላዋ ጭቃው ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማች። ሚጢጢ ጉልበቷን አጥፋ ከጎኗ ቁጭ አለች፤ ቱርቦን ቀና ብላ አላየቻትም።

«እናንተ፣ ቱርቦ እንዲህ ቀርፋፋ ነበረች?» አለ ከአውቶቡሱ መስኮት አንዱ።

ቱርቦ ጠርጋ ጨርሳ ያነሳችውን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ይሄስ?»