ስድሳ አራት ሰከንድ

ጉልበቷ ከሳንቃው ላይ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ቻባ በጎኗ ጭቃው ውስጥ ተዘረረች፤ ሳንቃው ግን እሷን ጥሎ ሦስት ክንድ ያህል ተንሸራተተና ቆመ።

«ሳንቃው ጥሎሽ ሄደ!» አለ ኮንግ ከእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ሆኖ እየሳቀ። የትምህርት ቤት ነጭ ካልሲውን እንዳደረገ ነው። በእጁ የያዘው ስልክ ሰከንድ ይቆጥራል።

«እንዳታቆመው! እጨርሳለሁ!»

ተነሥታ እንደገና ወጣችበት። ግራ ጉልበቷን ሳንቃው ላይ አሳረፈች፤ በሁለት እጇ ከፊቷ ያለውን ባዶ ባልዲ ጨብጣ በቀኝ እግሯ ጭቃውን ትገፋ ጀመር። ባሕሩ በሸሸ ቁጥር እናቷና የመንደሩ ሴቶች ዛጎል ለመልቀም የሚሄዱት እንደዚህ ነው፤ በእግሩ ልሂድ ያለ እስከ ጭኑ ይሰምጣል። ቻባ ጉልበቷ አራት ጊዜ እየተንሸራተተባት ለመዞሪያ የተተከለው የቀርከሃ ችካል ጋ ደርሳ ተመለሰች።

«ስንት?»

ኮንግ ስልኩን አየና አጠገቡ የተዘረጋውን ደብተር ከደነው።

«ስንት ሆነ፣ አንተ?»

«ስድሳ አራት።»

ትናንት፣ የሳንቃውን ሆድ ዘይት ከመቀባታቸው በፊት፣ ሃምሳ ስምንት ነበር። ቻባ ደብተሩን ገልጣ አየችው። ኮንግ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ አስቀድሞ ሞልቶታል፦ «ያለ ዘይት 58፤ በዘይት 41።»

«አርባ አንዱን ከየት አመጣኸው?»

«ከመጽሐፉ። ሰበቃ ሲቀንስ ፍጥነት ይጨምራል፤ ዘይት ደግሞ ሰበቃ ይቀንሳል። በቃ! አንቺ ስለወደቅሽ ሳይንስ አይወድቅም።»

ነገ መምህርት ኦራዋን ለክፍለ ሀገሩ የሳይንስ ውድድር ሁለት ተማሪዎች ትመርጣለች። ቻባ ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ የጠበቀችው ይህንን ነው። አንድ ቀን ጆሮዋ ሥር ጭቃ ደርቆባት ክፍል ከገባች ወዲህ ስሟ «ጭቃዋ» ሆኖ ቀርቷል። እዚያ መድረክ ላይ ከቆመች ግን በማይክሮፎን፣ በሙሉ ስሟ ይጠሯታል።

ኮንግም ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ያያል? ፎቶ አለን፣ ሥዕል አለን። ሳንቃውንም አናመጣውም ብለሻል።»

ብላለች። ያንን ሳንቃ ተሸክማ በትምህርት ቤቱ በር መግባት አሳፍሯት ነው።

ቁጢጥ ብላ የሳንቃውን ሆድ ዳሰሰችው። ያንሸራትታል። አጠገቡ የቆመውን ዘይት ያልነካውን የጎረቤት ሳንቃ ዳሰሰች። እሱም ያው ነው፤ እርጥቡ ጭቃ ራሱ እንደ ዘይት ነው። ቀጥላ የራሷን ሳንቃ ጀርባ ነካች። ጉልበቷ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሆዱን ስትቀባ የያዘችበት የራሷ መዳፍ አሻራ በዘይት ያብረቀርቃል።

በዚህ መሃል እናቷ ዛጎል የሞላ ባልዲዋን ይዛ፣ በራሷ ሳንቃ ላይ ሆና ጭቃውን በእግሯ እየገፋች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። የዘይቱን ጠርሙስ አየች፤ ጭቃ የለበሰውን የልጇን ጉንጭ አየች።

«ማነው ሳንቃውን እንደ ዓሣ የጠበሰው?»

«እንዲፈጥን ብለን ነው፣ እማዬ።»

«እና ፈጠነ?»

«እሱማ ፈጠነ። እኔ ቀረሁ።»

እናቷ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ጉልበቷን ከሳንቃዋ ላይ አነሣች። ሥሩ የታጠፈ አሮጌ የዓሣ መረብ በምስማር ተመትቷል። ቻባ መረቡን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች።

«ጉልበትሽን እንዳያምሽ አልነበረም እንዴ?»

«ጉልበቴማ ድሮ አልቋል! ሳንቃው ካልያዘኝ በምን እገፋዋለሁ? ከሥር ይንሸራተት፣ ከላይ ይያዝ። ይልቅ ቶሎ በይ፣ ውሃው እየመጣ ነው።»

እውነቷን ነው፤ በሩቁ ቀጭን የብር መስመር ይታያል። የቀራት አንድ ዙር ብቻ ነው።

«ተዪው በቃ» አለ ኮንግ።

«ያንን መተላለፊያው ላይ የተጣለ ቁራጭ መረብ አቀብለኝ።»

ምስማር ስላልነበራቸው በገመድ አሰሩት። ኮንግ በደረቱ ተኝቶ ቋጠሮውን ሲያጠብቅ ካልሲው ላይ ጭቃ ተረጨ፤ ተሳደበ እንጂ ገመዱን አልለቀቀም።

ቻባ ተነሣች። መረቡ ጉልበቷን ያዘ። ጭቃውን ወደ ኋላ ስትገፋው፣ ጭቃው እሷን ወደ ፊት ይገፋታል። በሳንቃው ሥር የሚያልፈው ገመድ ትንሽ እንደሚጎትታት ተሰማት፤ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ችካሉ ጋ ስትደርስ ውሃው የችካሉን ሥር እያረጠበ ነበር። ዞረች። አንዴም ሳትንሸራተት ተመለሰች።

«አርባ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ ኮንግ። ቆይቶ ደብተሩን አየና «አርባ አንድ ግን ያምር ነበር» አለ።

«ያምራል። ግን ማንም አልሮጠውም።»

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። 41 ላይ፣ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጋ፣ አንድ መስመር ሰረዘች። 64 ብላ ጻፈች። ከበታቹ፦ በዘይትና በመረብ፣ 49።

«ስድሳ አራቱን እንኳ ተዪው፤ የወደቅሽበት እኮ ነው።»

«ባልወድቅ መረቡን መች አየው ነበር?»

ከመተላለፊያው ጫፍ ቧንቧ አለ። እናቷ ሳንቃዋን አጥባ ሄደች። ቻባም የራሷን አስጠግታ ውሃውን ከፈተች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። ዘይት በነካው እንጨት ላይ፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ የተሳበ ረጅም የጭቃ መስመር አለ፦ ጉልበቷ የተንሸራተተበት መንገድ። መረቡ ላይ ደግሞ ክብ የጉልበት አሻራ ተቀምጧል።

ቧንቧውን ዘጋችው።

«ሳታጥቢው?» አለ ኮንግ።

«ነገ ይዤው በዋናው በር ነው የምገባው። ከኋላ በኩል ትይዝልኛለህ?»

ኮንግ የሳንቃውን ርዝመት አየ፤ ካልሲዎቹን አየ። አወለቃቸውና ኪሱ ከተታቸው። ከዚያ የሳንቃውን ጫፍ አነሣ።